ለመብራቱ ከ10 ዘጠኝ፣ ለብድሩ ከ10 አራት

ጅማ መርካቶ ሞባይል እጠግናለሁ። ዕቃ የምገመግመው ካርቶኑን አንብቤ ሳይሆን ፈትቼ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ኦሞ ናዳ ለምትኖረው እናቴ ስለገዛሁላት የሶላር መብራት ነው። ዕቃው በብድር ስለመጣ ብድሩንም አብሬ እገመግማለሁ። ነጥባቸው ለየቅል ነው።

የእማዬ መንደር ከግልገል ጊቤ ግድብ ብዙ አይርቅም። ግድቡ በዓለም ባንክ ብድር ጭምር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ማመንጨት ጀመረ፤ አቅሙ 184 ሜጋ ዋት ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ "ኢብሳ መጣ" (በኦሮምኛ መብራት መጣ) ሲል ትዝ ይለኛል። እውነትም መጣ። በላያችን አልፎ ሄደ። ከትልቅ መስመር ላይ መብራት ወደ ጎጆ አይወርድም፤ ማከፋፈያ ጣቢያ ይፈልጋል፣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ ምሰሶ ይፈልጋል። ለግድቡ አበዳሪ ተገኘ፣ ለምሰሶው ግን ተራው አልደረሰም። እማዬ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ በኩራዝ ነበረች።

ወደ ዕቃው ልግባ። አንድ ፓኔል፣ አንድ የባትሪ ሳጥን፣ ሦስት አምፖል፣ የስልክ መሙያ ገመድ፣ ትንሽዬ ሬዲዮ። ሻጩ "ጥራቱ ተፈትኖ ያለፈ ነው፣ ላይቲንግ አፍሪካ" ብሎ ሲያወራኝ ከአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። ላይቲንግ አፍሪካ የዓለም ባንክ ቡድን ፕሮግራም ነው፤ ገበያው በቆሻሻ ሶላር እንዳይበላሽ የጥራት መስፈርት ያስጀመረ። ቤት ወስጄ ሳጥኑን ፈታሁት። (ዋስትናው ከተከፈተ አይሠራም ይላል። እናንተ እንዳትሞክሩት።) ውስጡ ሊቲየም ባትሪ፣ ብየዳው ንጹሕ፣ ሽቦው ወፍራም። በቴስተር ስለካው የተጻፈውን ያህል አወጣ። መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ስም የለሽ ዕቃዎች ጋር በፍጹም አይገናኝም። እነዚያን በሳምንት ሁለትና ሦስት እያመጡልኝ ስለምጠግን አውቃቸዋለሁ።

እንከን አለው። የአምፖሉ ሶኬት የራሱ ዓይነት ስለሆነ ከሱቅ የገዛችሁት አምፖል አይገባበትም። አንዱን ገመድ ፍየል ጎትታ በጠሰችው፤ ምትክ ጅማን ሙሉ ዞሬ አጣሁ። መጨረሻ ላይ የስልክ ቻርጀር ገመድ ቆርጬ ቀጠልኩበት። መጀመሪያ ፓኔሉን የገጠሙት ልጆች ደግሞ አቮካዶው ጥላ ሥር አድርገውት ሄደዋል። ሶላር ከዛፍ ሥር! ወደ ቆርቆሮው ጫፍ አዛወርኩት። እንደዚያም ሆኖ በሐምሌ ደመና ሦስቱም አምፖል ከበራ ከምሽቱ 3 ሰዓት አያልፍም። እማዬ ዘዴ አላት። ሁለቱን ታጠፋለች፣ አንዱን ለሱብሒ ሶላት ታስቀምጣለች። በረመዳን ሱሁሯን በዚያች አምፖል ነው የምትበላው። ድሮ ከኩራዙ ጭስ ስታስል ነበር ሱሁር የምትበላው። ዘጠኝ የሰጠሁት ለዚህ ነው።

አሁን ብድሩ። አበዳሪው አንድ ማይክሮፋይናንስ ነው፤ ስሙን አልጠራም። የብድር ሠራተኛው ጥሩ ልጅ ነው፤ ገንዘቡ ከዓለም ባንክ ተነስቶ በልማት ባንክ በኩል እንደሚደርሳቸው ነገረኝ። ዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ዋናው መስመር ላልደረሰባቸው ሰዎች መብራት ማስፋፊያ 500 ሚሊዮን ዶላር ብድር ለኢትዮጵያ አጽድቋል። የሚያበድረው ክንፉ አይዲኤ ይባላል፤ ለድሃ አገሮች ለ30 እና ከዚያ በላይ ዓመታት የሚያበድር። ለብዙ ዓመታት የአይዲኤ መደበኛ ብድር ወለድ የለውም ሲባል ኖሯል፤ ያለው 0.75 በመቶ "የአገልግሎት ክፍያ" ነው።

እኔ ጋ ሲደርስ 18 በመቶ ሆነ። መመለሻው 12 ወር።

ልጁን አልፈርድበትም። ትንሽ ብድር ለአበዳሪ ውድ ነው፤ ለአንድ አምፖል ዕዳ ሞተር ሳይክል አስነስቶ ጭቃ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። በየደረጃው ያለው ሁሉ ወጪውን ይጨምርበታል። የማልቀበለው ሌላ ነገር አለ። ብድሩን የወሰድኩት በግንቦት ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ሰኔ፣ ከዚያ ሐምሌ፣ ነሐሴ። የቡና ገበሬ ቤት በነሐሴ ምን ብር አለ? እሸቱ የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። "ቡናው ሲሸጥ አንዴ ልክፈል" አልኩት። "ሲስተሙ አይቀበልም" አለኝ። እማዬ ልትከፍለው ያሰበችውን ከሱቄ እያወጣሁ ከፈልኩ። ሱቅ የሌለው ልጅ ምን ያድርግ?

ሁለተኛው ይብሳል። እማዬ ዕቃውን ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ወለድ አለበት?" ብላ ነው። ወለድ ሐራም ነው፤ ጅማ ዙሪያ በዚህ የተነሳ ብድር የማይነካ ሰው ሞልቷል። እዚያ ማይክሮፋይናንስ ከወለድ ነጻ አማራጭ አልነበረም። ብድሩን በራሴ ስም አደረግኩና "የአገልግሎት ክፍያ ናት፣ ትንሽ" አልኳት። በኋላ የአይዲኤውን ቃል ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ቃላችን አንድ ሆነ፤ የነሱ እውነት፣ የኔ ውሸት።

ጎረቤታችን ሃጂ መብራቱን አይተው "ለኔም አምጣልኝ፣ በካሽ" አሉኝ። ቡናቸውን እስኪሸጡ ብለው ቆዩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 መንግሥት ብሩን ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ፓኔሉም ባትሪውም ከውጭ ነው የሚመጣው። በኅዳር ዋጋውን ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝ፣ ከዚያ "ፋኖሱ ይበቃኛል" አሉ።

ሐምሌ 2007 ላይ ለልማት ገንዘብ ስለማሰባሰብ የተጠራው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ ጉባኤ አዲስ አበባ ነበር። ሀብታም አገሮች ከገቢያቸው 0.7 በመቶ ለእርዳታ የሚለውን እ.ኤ.አ. የ1970ውን ቃል እንደገና አነሱት። አራተኛው ሰኔ 2017 ስፔን ሴቪያ ላይ ተካሄደ፤ አሜሪካ ቀድማ ራሷን አግልላ ነበር። ስንት ቢሊዮን ይመጣል የሚለውን እነሱ ይከራከሩበት። እኔ ብጠየቅ የምለው ይህን ነው፦ የሰኔውን ክፍያ ወደ ታኅሣሥ አዙሩልን፣ ከወለድ ነጻ መስኮትም ክፈቱ። ነጥቤን ወደ ሰባት አሳድጋለሁ።

እስከዚያው ምክሬ፣ ቡና ሸጣችሁ በካሽ ግዙ። ትርፍ አምፖል አብራችሁ ያዙ። ፍየል ካላችሁ ገመዱን ከፍ አድርጉ።

የመጨረሻውን ክፍያ ከፍያለሁ። የብድር ደብተሩ ሱቅ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከተበላሹ ስክሪኖች ሥር ነው። እማዬ ለበዓል ስትመጣ መሳቢያውን እቆልፋለሁ።