ኢመርጀንሲ ወይስ አስቸኳይ ብቻ?

ሁለቱን ሰው በጣም ያደባልቃቸዋል፣ አስቸኳይ ማለት ዛሬ ወይ ነገ ሐኪም ማየት ያለበት ነገር ነው፤ ኢመርጀንሲ ግን አሁኑኑ ካልተደረሰለት ሕይወት ወይ አካል የሚያሳጣ። የጆሮ ሕመም፣ ወለምታ፣ ሽንት ሲያቃጥል... ያማል አዎ፣ ግን ክሊኒክ ሄደህ ተራህን መጠበቅ ትችላለህ።

ኢመርጀንሲ ጋ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ስትሮክን ውሰዱ፣ ፊት ባንድ ጎን ይጣመማል፣ አንድ እጅ አልነሳ ይላል፣ ምላስ ይተሳሰራል፤ በደም መርጋት የመጣ ከሆነ የረጋውን የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ "ትንሽ ይተኛና እናያለን" የሚባል ነገር የለም፣ የጀመረበትን ሰዓትም ያዙ ሐኪሞቹ መጠየቃቸው አይቀርም። ደረት ላይ ጭንቅ አድርጎ የሚይዝ ሕመም፣ አልቆም ያለ ደም፣ የትንፋሽ ማጠርም እዚሁ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በሕመሙ መጠን ስለሚለካ ነው። ስትሮክ እኮ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ጥርስ ግን ያስጮሃል! ኢመርጀንሲ ክፍል ደግሞ ወረፋው በአደጋው ክብደት እንጂ በመጡበት ቅደም ተከተል አይደለም፣ ስለዚህ በወለምታ ሄደህ ሰዓታት ብትቀመጥ አትናደድ። ግራ ከገባህ ግን እኔ ኢመርጀንሲ ነው ብለህ ሂድ ባይ ነኝ።