መቋሚያ ስትገዙ፦ ሌሊቱን የሚያቆመው የትኛው ነው?

ንዋየ ቅድሳት መደብር ገብቶ መቋሚያ፣ ማለትም አገልጋይ ቆሞ ሲያመሰግን የሚደገፍበትን ዘንግ፣ የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የመቋሚያውን ራስ፣ ከላይ እጅ የሚያርፍበትን ክፍል ነው። ነሐሱ ያበራል? ቅርጹ ያምራል? ማኅሌት፣ ማለትም ሌሊት ከቅዳሴ በፊት በዜማ የሚቀርበውን ምስጋና፣ የሚቆም አገልጋይ ግን የሚመረምረው ሌላ ነው። የማኅሌቱ ትምህርት «አቋቋም»፣ ዘንጉም «መቋሚያ» የተባሉት ከአንድ ግስ ነው፤ ከ«ቆመ»። ዕቃውን መመዘን ያለብንም በዚሁ ነው፤ ወገብ ሲዝል፣ እግር ሲያብጥ፣ ዓይን ሲከብድ አገልጋዩን እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ አቁሞ ያደርሰዋል ወይ?

በመደብሮች የሚገኘው በሦስት ይከፈላል፦ ዘንጉም ራሱም እንጨት የሆነው፣ በእንጨት ዘንግ ላይ የነሐስ ወይም የሌላ ብረት ራስ የተገጠመለት፣ እና እየተፈታ የሚገጣጠመው።

እንጨቱን እናስቀድም። ለዘንግ ወይራን የሚተካከል የለም። ብዙ ጫና ይችላል፤ እጅ ሲለምደውም እየለሰለሰና እየጠቆረ ይሄዳል። ችግሩ ክብደቱና አደራረቁ ነው። እርጥብ ወይራ ተቆርጦ በፀሐይ ወይም በእሳት አጠገብ እንዲደርቅ ከተጣደፈ ውጩ ቀድሞ ይኮማተራል፤ ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ አብሮት አይኮማተርም። ያን ጊዜ ዘንጉ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በሙጫና በእንጨት ብናኝ ተደፍኖ ከላዩ ቀለም የተቀባበት ዘንግ ገበያ ላይ አለ፤ ዓይን ባያየውም ጥፍር ይለየዋል። ዘንጉን በጥፍራችሁ ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። ክትክታም መልካም እንጨት ነው፤ ቀጭን ሆኖ ስለሚጠነክር ለዱላና ለመሣሪያ እጀታ ይፈለጋል፤ ቀጥ ብሎ በቂ ውፍረት ያለው ማግኘት ግን ያስቸግራል። ጥድ ቀላል ነው፤ መዓዛውም ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሳይጎብጥ፣ ሳያስጠነቅቅ ቀጭ ይላል። ባሕር ዛፍ በርካሽ ይገኛል፤ ሲደርቅ ስለሚጣመም ለዚህ ሥራ አንመርጠውም።

ከዛፉ ዓይነት ይልቅ ግን ዕድሜውን የሚወስነው በእንጨቱ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች አካሄድ ነው። መስመሮቹ ከራስ እስከ ጫፍ አብረው መውረድ አለባቸው። መሐል ላይ ሰያፍ ሆነው በጎን የሚወጡ ከሆነ ዘንጉ የሚሰበረው እዚያው ነው፤ ወይራ መሆኑም አያድነውም። ቅርንጫፍ የወጣበት ዓይንም እንዲሁ ነው። ጫፍና ጫፍ ላይ ቢሆን አይጎዳም፤ መካከል ላይ ከሆነ ግን ተዉት፤ ሰው ሲደገፍ ዘንጉ የሚጎብጠው በመካከሉ ነውና። ጥቃቅን ቀዳዳና ከቀዳዳው የሚረግፍ ዱቄት ካያችሁ ደግሞ ነቀዝ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ውስጡ ምን ያህል እንደተበላ ከውጭ አይታወቅም።

ቁመት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጫማ አድርጎ ስለሚለካ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቆመው በባዶ እግር ነው፤ 3 ሳንቲሜትር ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጎ የገዛ ሰው ማኅሌት ላይ መቋሚያው ረዝሞበት ትከሻውን ሽቅብ ይገፋዋል። ስለዚህ ጫማ አውልቁ፣ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ የመቋሚያው ራስ ከደረት አጥንት መካከል በላይ ከአገጭ በታች ይሁን። ቁመቱ 170 ሳንቲሜትር ለሆነ ሰው ከ125 እስከ 135 ሳንቲሜትር ያለው ይስማማዋል። ካጠረ ጀርባ ያጎብጣል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላም ወገብ ይታመማል። ሊገዛ ካልቀረ የረዘመውን መግዛት ይሻላል፤ ከታች በመጋዝ ይቆረጣል፤ ያጠረውን የሚያስረዝመው የለም። የዘንጉ ውፍረት ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲሜትር ይበቃል። ራሱ ደግሞ ሁለት መዳፍ ተደራርቦ የሚያርፍበት፣ ስፋቱ ከ12 ሳንቲሜትር ያላነሰ፣ የላይኛው ገጹ ስለት የሌለው ይሁን። በጌጥ ብዛት ሹልና ጠርዝ የበዛበት ራስ መስኮት ውስጥ ሲታይ ያምራል፤ ሌሊት መዳፍ ይቆርጣል።

አሁን ወደ ነሐሱ እንምጣ፤ ገዢውን በብዛት የሚያታልለው እሱ ነውና። ወጥ ሆኖ የተሠራ የነሐስ ራስ ከባድ ነው። ለመደገፍ ብቻ ቢሆን ክብደቱ አይጎዳም፤ መቋሚያ ግን ለመደገፍ ብቻ አይደለም፣ ይዘመምበታል። በዝማሜ ጊዜ እየተነሣ፣ እየተዘነበለ፣ እየተወዘወዘ ከዜማው ጋር ይሄዳል፤ ራሱ የከበደ መቋሚያ በየዙሩ የእጅን አንጓ ይጎትታል። መለያው ቀላል ነው፤ ዘንጉን በአንድ ጣት ላይ አጋድሙትና ሚዛን የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጉ። ከራሱ በታች አንድ ስንዝር ላይ ሚዛን ከጠበቀ ራሱ ከብዷል። ወደ መካከሉ በቀረበ ቁጥር ለዝማሜ ይመቻል። ውስጡ ክፍት ሆኖ የተሠራ ነሐስ ይህን ችግር ይቀንሰዋል።

ሁለተኛው የነሐስ ችግር መገጣጠሚያው ነው። እንጨት በክረምት እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ በበጋ ይደርቅና ይቀጥናል፤ ብረቱ ግን ባለበት ነው። ክረምት ላይ ጥብቅ ብሎ የተገጠመ ራስ ጥርና የካቲት ሲደርስ የሚነቃነቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያም ማለት ዐቢይ ጾም ሲቃረብ፣ መቋሚያ እጅግ በሚፈለግበት ወቅት። ምስማር የተመታበት ከሆነ ምስማሩ ራሱ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ጥሩው አሠራር በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ከተበጀ በኋላ ከጎን ወደ ጎን ብረት አሳልፎ ሁለቱንም ጫፍ መደብደብ፣ ውስጡንም በጠንካራ ማጣበቂያ መሙላት ነው። ስትገዙ ራሱን በአንድ እጅ፣ ዘንጉን በሌላው ይዛችሁ ጠምዝዙት። ትንሽ ድምፅ ከሰጠ አትውሰዱት። ላብ የነካው ነሐስ አረንጓዴ ዝገት ያወጣና ነጠላ ያበላሻል፤ በሎሚና በጨው ይጠራል፤ ከዚያ በውኃ አለቅልቆ ወዲያው ማድረቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ምርጫችን ግልጽ ነው፤ ራሱም ዘንጉም እንጨት የሆነው ይበልጣል። እንደ ነሐሱ አያብረቀርቅም፤ ሌሊት ግን አይቀዘቅዝም፣ ሚዛኑን ይጠብቃል፣ ሲላላም ማንኛውም አናጺ ይጠግነዋል።

መቋሚያ ለምን እንዲህ እንደሚወዘወዝ ለማያውቅ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የበዛ ሊመስለው ይችላል። መቋሚያ የመስቀሉ ምሳሌ ነው። በዝማሜ ወዲያና ወዲህ መዘንበሉ ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ ሲሄድ መገፋቱንና መንገላታቱን ያሳስባል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ከበሮውና ጸናጽሉ ሲያርፉ ጾመ ድጓው፣ የጾሙ ዜማ፣ የሚዘመመው በመቋሚያ ነው፤ የሕማሙን መታሰቢያ በእጁ ይዞ የሚቆመውም ያው የጾመ፣ የደከመ አገልጋይ ነው።

አንዳንድ ወጣት ዘማሪ መቋሚያ መያዝን እንደ ስንፍና ይቆጥራል፤ ሳይደገፉ መቆም ይበልጣል ብሎ ያስባል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንዳይደገፉ ስምንት ጦር ዙሪያቸውን ተክለው ሲጸልዩ የእግራቸው አገዳ ተሰብሮ ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው እንደ ቆሙ ገድላቸው ይናገራል፤ ስባረ ዐጽማቸውም ጥር 24 ቀን ይከበራል። ያ ለእርሳቸው የተሰጠ ጸጋ ነው። ለቀረው ሕዝብ አባቶች መቋሚያን ሰጡት። ሐዋርያው ጳውሎስ «እንደ ኢየሱስ ክርስቶስ በጎ ወታደር ሆነህ፥ አብረኸኝ መከራ ተቀበል» ሲል የጠራው ወደ አገልግሎት ነው፤ መከራው የሚገኘው በአገልግሎቱ መንገድ ላይ ነው። መቋሚያ ድካሙን አያስቀርም፣ ያስችላል። ያዕቆብም በእርጅናው «በዘንጉም ጫፍ ተጠግቶ ሰገደ» ተብሎ ተጽፎለታል።

አደጋገፉን ሳያውቁ መግዛት ግን ጥቅም የለውም። ትልቁ ስሕተት ራሱን ብብት ውስጥ አስገብቶ መንጠልጠል ነው። በብብት በኩል ወደ ክንድ የሚወርዱ ነርቮች አሉ፤ ለረጅም ሰዓት ሲጫኑ እጅ ይደነዝዛል፣ ጣት ይዝላል። ክራንች የሚይዙ ሕሙማንም በብብታቸው እንዳይንጠለጠሉ የሚመከሩት ለዚህ ነው። ይልቅ ሁለቱን መዳፍ በራሱ ላይ ደራርቡ፣ ደረታችሁን ወይም አገጫችሁን በእጃችሁ ጀርባ ላይ አሳርፉ፣ ጫፉን ከእግራችሁ ፊት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አርቃችሁ ትከሉ። ከዚያ በላይ ከራቀ ይንሸራተታል። ጉልበታችሁን ጥብቅ አድርጋችሁ አትቆልፉት፤ ተቆልፎ ለብዙ ሰዓት የሚቆም ሰው ደሙ ወደ እግሩ ይወርድና ራሱን ይስታል፤ ምግብም ውኃም ያልቀመሰ ከሆነ ደግሞ ይፈጥናል። በየጊዜው ክብደታችሁን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛውሩ፤ ተረከዛችሁንም አነሣ አነሣ አድርጉ።

ጫፉ ላይ የሚገባው ብረት የሚወሰነው በወለሉ ነው። ድንጋይና አፈር ላይ ሹል ብረት ጥሩ ይዞ ያቆማል። ሴራሚክና እምነ በረድ ላይ ያንሸራትታል፤ ምንጣፍ ይቀድዳል። ሹል ጫፍ የሰው እግርም ያገኛል፤ ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በቅዱሱ እግር ላይ ተክሎት፣ ደሙ እየፈሰሰ ሁለቱም ዜማው እስኪፈጸም አላወቁም። ያ የተመስጦ ታሪክ ነው፤ በተጨናነቀ ቅኔ ማኅሌት (ማኅሌት በሚቆምበት የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል) ውስጥ ጎረቤትን መውጋት ግን ቸልተኝነት ነው። ለሴራሚክና ለምንጣፍ የሕክምና ዕቃ መደብር የሚሸጠውን የክራንች ጎማ ግዙ፤ የውስጥ ስፋቱ 19፣ 22 ወይም 25 ሚሊሜትር ስለሚሆን አስቀድማችሁ ዘንጉን ለኩ። ጎማው የመቋሚያውን ምት ድምፅ ይቀንሰዋል፤ ይህ ዝማሜ ለለመደ ጆሮ ጉድለት ነው። በውጭ አገር በኪራይ አዳራሽ፣ ከታች ሰው ባለበት ፎቅ ላይ ለሚያገለግሉ ግን ጥቅም ነው። የጎማው ሥር ያለው ሸንተረር ጠፍቶ ልሙጥ ሲሆን መቀየር አለበት።

ተገጣጣሚውን በተመለከተ፣ ለመንገደኛ ካልሆነ አንመክረውም። ለሁለት ወይም ለሦስት ስለሚፈታ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ወደ አሜሪካም ወደ አውሮፓም ለሚሄድ አገልጋይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መገጣጠሚያው የሚመጣው ዘንጉ በሚጎብጥበት በመካከሉ ነው፤ ጥርሱ በአጭር ጊዜ ይላላና በየዝማሜው ይንቀጫቀጫል። ከገዛችሁ ጥርሱ ቢያንስ 3 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ የሚገባውን ምረጡ፤ ለሦስት የሚፈታውን ትታችሁ ለሁለት የሚፈታውን ውሰዱ። ከመቆማችሁ በፊት አጥብቁት፤ በማኅሌቱ መካከልም አንድ ጊዜ አረጋግጡ።

ስለ አያያዙ። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ የተቀባ ዘንግ ላብ ሲነካው ያሟልጫል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ይላጣል። ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት አንሥታችሁ የተልባ ዘይት ቀቡት። በጨርቅ በስሱ ይቀባል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈው ይጠረጋል፣ ቀኑን ሙሉ እስኪደርቅ ይቆያል፤ ሦስት ጊዜ ቢደገም ይበቃል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ራሱን አሙቆ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ዘርግታችሁ አድርቁት። ቅቤና የምግብ ዘይት አትጠቀሙ፤ ይበላሻል፣ ልብስም ያቆሽሻል። እርጥብ የአፈር ወለል ላይ ማዕዘን ውስጥ አቁማችሁ አትተዉት፤ ምስጥ የሚጀምረው ከጫፉ ነው።

ከአባት ወይም ከመምህር የወረሳችሁት አሮጌ መቋሚያ ካለ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት መርምሩት። ብዙ ጊዜ የሚያረጀው ዘንጉ ነው። ራሱ ካልተሰነጠቀ ቀዳዳውን አጽድቶ አዲስ የወይራ ዘንግ ማስገባት ይቻላል። አናጺው ዘንጉን ከራሱ ቀዳዳ ጥቂት አወፍሮ ይጥረበው፣ ከዚያም እየሞከረ በቀስታ ያቅጥነው። አሮጌውን ዘንግ ወስዳችሁ ስጡት፤ የቁመቱ ልክ እሱ ነው።