ደብረ ብርሃን ላይ የዓይን ሌንስ ለምትፈልጉ ሁሉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ለምትሠራ አንዲት የዓይን እይታ ባለሙያ ያለብኝን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ ነው። ደግሞም ከመንዝም ከተጉለትም ተነሥቶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ ኮንታክት ሌንስ የሚያፈላልግ ሰው በደጁ ማን እንዳለች ይወቅ ብዬ ነው። ስሟን እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ አላወጣም። አድራሻዋን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ሳልሰለች ለእያንዳንዱ እመልሳለሁ።

ጉዳዩ የእህቴ ልጅ ጉዳይ ነው። መሐል ሜዳ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን እኔ ቤት ተቀምጣ ሩጫ የምትሠለጥን ልጅ ናት። የመነጽሯ ቁጥር በሁለቱም ዓይኗ ማይነስ 5 ነው። ማይነስ 5 የሆነ ሰው መነጽሩን ሲያወልቅ አጥርቶ የሚያየው እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዝበታል። የደብረ ብርሃንን ማለዳ የምታውቁ ብርዱን ታውቁታላችሁ። እሷ ስትሮጥ ትንፋሿ የመነጽሩን መስታወት ጉም ያለብሰዋል፣ ላብ ሲመጣ ደግሞ መነጽሩ ከአፍንጫዋ ላይ ይንሸራተታል። ኮረኮንች መንገድ ላይ የሚረግጡትን ሳያዩ መሮጥ ለቁርጭምጭሚት አይበጅም። አሠልጣኟ ሌንስ እንድታደርግ የመከራትም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅነው አንድ የመነጽር መደብር የመነጽሯን ቁጥር ሰምቶ፣ ዓይኗን ለአፍታ እንኳ ሳያይ፣ «የወሩን ሌንስ፣ ለአንድ ወር የሚያገለግለውን ውሰዱ፣ እሱ ያዋጣችኋል» አለን። ዋጋውን ነገረን፤ ስለ አያያዙ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። የምንናገረው ስለ ዓይን ነውና ሳንገዛ ወጣን።

ደብረ ብርሃን ያለችው ባለሙያ ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ሁሉ ሌላ ሆነ። ከሌንሱ በፊት የወጣው ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። «የኔ እመቤት፣ በሳምንት ስንት ቀን ነው የምታደርጊው? ቤታችሁ ውኃ የሚመጣው በቧንቧ ነው ወይስ በጀሪካን? ለበዓል አገር ቤት ስትሄጂ ማድ ቤት ትገቢያለሽ? ዓይንሽን ያሳክክሻል? ታሺዋለሽ?» ልጅቷ ትመልሳለች፣ እሷ ትጽፋለች። ብዙ ሐኪም ቤት ገብቼ አውቃለሁ፤ ስለ ሰው አኗኗር እንዲህ በእርጋታ የሚጠይቅ ባለሙያ ግን ብርቅ ነው።

ከዚያ በኬራቶሜትር የኮርኒያዋን ጉብጠት ለካች። ኮርኒያ ማለት የዓይን ፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ሌንሱ የሚያርፈው እሱ ላይ ስለሆነ ጉብጠታቸው ካልተስማማ ሌንሱ ወይ ይጠብቃል ወይ ይላላል። ቀጥላ ጫፉ ብርቱካናማ የሆነ ቀጭን ወረቀት በዓይኗ ጠርዝ አስነካችና በሰማያዊ ብርሃን አየቻት። እንባዋ አረንጓዴ ሆኖ ሲያበራ እኔም ከጎን ቆሜ አይቻለሁ። ልጅቷ ዓይኗን ሳታርገበግብ ስትቆይ ባለሙያዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሴኮንድ ትቆጥራለች። አረንጓዴው ሽፋን ቶሎ ከተበጣጠሰ እንባው ዓይንን አያረጥብም ማለት ነው፤ ደረቅ ዓይን ደግሞ ሌንስ አይችልም። የእሷ ደህና ሆነ። በመጨረሻ የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጣ ስታይ ግን ውስጡ ላይ ጥቃቅን ጉብታዎች አገኘች። አቧራና ብናኝ የሚያስቆጣው ዓይን ምልክት ነው አለችን። በአካባቢያችን ውቂያ ሲደርስ ዓይኑን እያሸ የሚውለውን ልጅ ብዛት ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሌላው ያስገረመኝ ነገር የቁጥሩ ነው። «ጋሼ፣ ሌንሷን ማይነስ 5 ብዬ አላዝም» አለችኝ። መነጽር ከዓይን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጣል፤ ሌንስ ግን ዓይኑ ላይ ያርፋል። ቁጥሩ ከ4 ከፍ ሲል ይህች ርቀት ለውጥ ታመጣለች። ስለዚህ የልጅቷ የሌንስ ቁጥር ማይነስ 4.75 ሆነ። መደብሩ ሊሸጥልን የነበረው እንዳለ ማይነስ 5ቱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁም የምትጠይቁት ይህንኑ ስለሆነ። የአንድ ቀን ሌንስ ይሻላል ወይስ የወር?

ባለሙያዋ እንዲህ አስረዳችን። የወር ሌንስ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ማሸጊያው ከተከፈተበት ዕለት ጀምሮ ነው፤ ያደረጉበት ቀን እየተመረጠ አይደለም። ልጅቷ ሌንስ የሚያስፈልጋት በሳምንት ሦስት ቀን ለልምምድ ብቻ ነው፤ ትምህርቷንና ሌላ ሥራዋን በመነጽር ትሠራለች። የወሩን ብትወስድ በወር ውስጥ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ቀን አድርጋው ትጥለዋለች። በዚያ ላይ የማጠቢያ ፈሳሹና የማስቀመጫው ወጪ አለ። ይህንን ሁሉ በወረቀቱ በአንድ ወገን፣ በወር የሚያስፈልጓትን የአንድ ቀን ሌንሶች በሌላ ወገን ጽፋ ደመረችልን። የአንድ ቀኑ አሁንም ትንሽ ይበልጣል፤ ልዩነቱ ግን እንደፈራነው አልነበረም። የሌንስ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ ቁጥር አልጽፍም፤ ለእናንተም እንደ አጠቃቀማችሁ ፊት ለፊታችሁ ታሰላላችኋለች።

ሆኖም ምክሯን ያቆመችው በገንዘቡ ላይ አልነበረም። የማድ ቤቱ ጥያቄ ትርጉሙ ያን ጊዜ ገባኝ። መንዝ ውስጥ እንጀራ የሚጋገረው በአብዛኛው በኩበት ነው፤ ጭሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጭስም ብናኝም ሌንስ ላይ ይጣበቃል። የወሩን ሌንስ ምንም ያህል ተጠንቅቀው ቢያጥቡት ከቀን ወደ ቀን የሚጠራቀም ነገር አይጠፋም፤ እንደ እሷ ያለውን ቁጡ ዓይን የሚያስለቅሰውም ይኸው ነው። የአንድ ቀኑ ማታ ይጣላል፣ ጠዋት አዲስ ይከፈታል። ማጠቢያ የለም፣ ማስቀመጫ የለም። «ላንቺ የአንድ ቀኑ ነው» አለቻት፤ «ግን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ፤ ማታ ያወለቅሽውን ነገ አታደርጊውም።» ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ የአንድ ቀኑን ፈሳሽ ውስጥ የሚያሳድር ሰው አለ። ሌንሱ ታጥቦ ለመደገም አልተሠራምና ይህ የትርፍ መንገድ አይደለም።

የአንድ ቀኑን ከሁሉ በላይ አድርጋ የምታወድስ ሰው እንዳይመስላችሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ይዤላት ስሄድ የሰጠቻት የወሩን ነው። ባልደረባዬ በሳምንት ሰባቱንም ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሌንስ የምታደርግ፣ ዓይኗ የማይቆጣ፣ ቤቷ ንጹሕ ውኃ ያላት፣ ማታ ማታ ሌንሷን ማጠብ የማትዘነጋ ሴት ናት። ለእሷ በየቀኑ አዲስ መክፈት ወጪው ይከብዳል፤ የአንድ ቀኑ ሌንስ ከአዲስ አበባ የሚመጣ በመሆኑ ሲዘገይም በየዕለቱ የሚያደርግ ሰው ይቸገራል። አየር በደንብ የሚያሳልፈውን የሲሊኮን ሃይድሮጄል ሌንስ መረጠችላት። ኮርኒያ የደም ሥር ስለሌለው ኦክስጅን የሚያገኘው በእንባ በኩል ከውጭ አየር ነው። የእኛ ከተማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ይህንንም አስባበታለች።

የወሩን አያያዝ ያሳየቻት እጅ በእጅ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ክር በማይለቅ ንጹሕ ፎጣ ይደርቃል። ሌንሱ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፣ ፈሳሹ ጠብ ጠብ ይደረግበታል፣ በጣት ጫፍ በቀስታ ይታሻል፣ በዚያው ፈሳሽ ይለቀለቃል፣ ከዚያ አዲስ ፈሳሽ በተሞላ ማስቀመጫ ውስጥ ያድራል። በትናንቱ ፈሳሽ ላይ አዲስ መጨመር አይቻልም፤ የትናንቱ ይደፋል። ጠዋት ማስቀመጫው በፈሳሹ ተለቅልቆ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ተደፍቶ ይደርቃል፤ በየሦስት ወሩም ይቀየራል። የጨው ውኃ የሚባለው ሳሊን ማጠቢያ እንዳይመስላችሁ፤ ጀርም አይገድልም።

ውኃን በተመለከተ ጠንከር ያለች ናት። የቧንቧ ውኃም ይሁን የምንጭ፣ ተፈልቶ የቀዘቀዘም ቢሆን ሌንስን አይንካው ትላለች። ውኃ ውስጥ የሚኖር አካንታሚባ የሚባል ጥቃቅን ተሕዋስ አለ፤ ሌንስ ላይ ከተጣበቀ ኮርኒያን የሚበላ፣ ለማከም ወራት የሚፈጅና ዓይን ሊያሳውር የሚችል ሕመም ያመጣል። እዚህ ላይ ነው የእህቴን ልጅ ዞር ብላ ያየቻት። «ጻድቃኔ ማርያም ትሄዳላችሁ አይደል? ከመጠመቅሽ በፊት ሌንሱን አውጪው። ጠበሉን ተጠመቂ፣ ፊትሽ ይድረቅ፣ ከዚያ መነጽርሽን አድርጊ። ጥምቀት ላይም እንዲሁ ነው፤ ጠበል የሚረጭበት ቦታ በመነጽር ሂጂ።» በዚህ ንግግሯ እናቷ እንኳ መሐል ሜዳ ሆና በስልክ ስትሰማ እፎይ ብላለች፤ የልጇ እምነትና የልጇ ዓይን አብረው ታስበውላታልና። ከሁሉም ነገሯ ልቤን የነካው ይህ ነው። የአገሯን ሰው የምታውቅ ባለሙያ ማለት እንዲህ ያለችው ናት።

ማድረጉን ስታስተምራት ልጅቷ መጀመሪያ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለሙያዋ ግን አልቸኮለችም። ሌንሱን በሌባ ጣቷ ጫፍ አስቀምጣ ከጎን አሳየቻት፤ ጠርዙ እንደ ሲኒ ቀጥ ብሎ ከቆመ ትክክል ነው፣ ወደ ውጭ ከተዘረጋ ተገልብጧል። የታችኛውን ቆብ መሳብ፣ የላይኛውን መያዝ፣ ቀና ብሎ ማየት። ለማውጣት ወደ ላይ እያዩ ሌንሱን በጣት ወደ ነጩ የዓይን ክፍል ማንሸራተትና በሁለት ጣት ለስለስ አድርጎ መቆንጠጥ፤ ለዚህም ጥፍር ማጠር አለበት። ፍርሃቷን ለማብረድ ብላ የኦቶ ቪክተርሌን ታሪክ አጫወተቻት። ቼኩ ኬሚስት በፈረንጆች 1961 ለስላሳውን ሌንስ የሠራው ቤቱ ውስጥ፣ ከልጆች መጫወቻ ብረታ ብረት በገጣጠመው ማሽን ነው። ልጅቷ እየሳቀች እጇ ረጋ። ራሷ አድርጋ፣ ራሷ አውጥታ እስክታሳይ ድረስ ሌንስ ይዛ እንድትወጣ አልፈቀደችላትም። ተረኛ ሰው እየጠበቀ እንኳ አላጣደፈቻትም።

ስንወጣ የነገረችንን እዚህ ልድገመው፤ ማንም ሌንስ የሚያደርግ ሰው ሊያውቀው ይገባል። ሌንስ አድርጎ መተኛት የዓይን ኢንፌክሽንን አደጋ ከ6 እስከ 8 እጥፍ ያሳድጋል፤ መኪና ላይ የሚያንቀላፋ ሰው ጉዞውን በመነጽር ያድርገው። በርበሬ የሚቀነጥስ ወይም ቃሪያ የሚከትፍ አስቀድሞ ሌንሱን ያውጣ። ዓይን ከቀላ፣ ካመመ፣ ብርሃን ካስጠላው ወይም እይታ ከደበዘዘ ሌንሱ ወዲያው ይወጣል፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይኬዳል፤ የወጣውም ሌንስ ሳይጣል ለሐኪሙ ይወሰድ። የአንድ ቀኑ ሌንስ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። መነጽርም አይጣል፤ ሌንስ ማድረግ የማይቻልበት ቀን አለ።

ለሙሽሮችም አንድ ቃል አለኝ። ለሠርግ ተብሎ የሚደረገው ባለቀለም ሌንስ ቁጥር ባይኖረውም እንደማንኛውም ሌንስ ዓይን ተለክቶ ነው የሚታዘዘው። ከሚዜ ወደ ሙሽራ እየተዋዋሱ ማድረግ የአንዷን ጀርም ለሌላዋ መስጠት ነው። ይህች ባለሙያ ሳትለካ ባለቀለም ሌንስ እንድትሸጥ አንዲት እናት ስትለምናት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ በትሕትና እምቢ አለች፣ ገበያው አመለጣት።

አንቺ ባለሙያዋ እህቴ፣ ይህንን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ልጃችን ዛሬ የምትረግጠውን እያየች ትሮጣለች። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እጅሽ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ።

ወደ እሷ የምትሄዱ ሰዎች አሁን የምታደርጉትን መነጽር ይዛችሁ ሂዱ። ሌንስ የምታደርጉ ከሆነ ካርቶኑን አትጣሉት፤ ቁጥሩ፣ ጉብጠቱና ስፋቱ እሱ ላይ ተጽፏል። የመጀመሪያው ምርመራና ልምምድ ጊዜ ስለሚወስድ ሌላ ቀጠሮ ባልያዛችሁበት ቀን ይሁን። ቅዳሜ ወረፋ ይበዛል፤ ከሰኞ እስከ ኀሙስ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላችኋል። ሌንሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጥቂት ቀናት ስለሚቆይ የያዛችሁት ሳያልቅ ቀድማችሁ እዘዙ።