የሲረስ አውሮፕላን ፓራሹት፦ ሞተር ሲጠፋ ምን ያህል ያዋጣል?

ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ «ይሄ ነገር አየር ላይ ቢጠፋስ?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች መልሱ ያው ነው፤ አፍንጫውን ዝቅ አድርገህ ፍጥነትህን ትጠብቃለህ፣ እየተንሳፈፍክ ሜዳ ትፈልጋለህ። ሲረስ የተባለው ኩባንያ በሚሠራቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ግን ሌላ መልስም አለ። ኮክፒቱ ጣሪያ ላይ ቀይ እጀታ አለ። እሱን ስትስብ ሮኬት ተተኩሶ ፓራሹቱን ያወጣና አውሮፕላኑ ሰዎቹን እንደያዘ ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ኤስአር20 የተባለው የሲረስ ሞዴል በ1998 እ.ኤ.አ. የበረራ ፈቃድ ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ከአውሮፕላኑ ጋር አብሮ የሚመጣ ዕቃ ነው።

«ይሄ ለሰነፍ አብራሪ ነው» የሚሉ አሉ። በፍጹም አልስማማም። ከታች ያለው ጫካ፣ ከተማ ወይም ባሕር ከሆነ፣ ወይ ደግሞ ከጨለመ፣ የፈለገ ጎበዝ ቢሆን የት ያርፋል? በ2015 መጀመሪያ ላይ አንድ አብራሪ ኤስአር22 የተባለውን ሌላ የሲረስ ሞዴል ይዞ ከካሊፎርኒያ ወደ ሃዋይ ሲበር የተጨማሪ ታንኩ ነዳጅ ወደ ዋናው ታንክ አልተላለፈለትም። ሞተሩ መጥፋቱ እንደማይቀር ሲያውቅ ፓራሹቱን ሳበ፣ ውቅያኖሱ ላይ ወረደ፣ የጎማ ጀልባው ላይ ወጣ፣ በአካባቢው የነበረ የመዝናኛ መርከብም አነሳው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ከላይ ሆነው ሁሉንም ቀርጸውታል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ዋናው ከፍታ ነው። ፓራሹቱ በቀጥታ በረራ ላይ እንኳን እስኪከፈት ድረስ፣ እንደ ሞዴሉ፣ ከ400 እስከ 600 ጫማ ገደማ ይበላል። ሞተር ለመጥፋት በጣም ክፉው ሰዓት ደግሞ ከመሬት ገና እንደተነሱ ነው! እዚያች ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ እጀታው ምንም አይፈይድም፤ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ላይ ማረፍ ብቻ ነው ያለው። ለዚህ ነው በደንብ የሠለጠኑ አብራሪዎች ሲነሱ ፓራሹቱ የሚሠራበት ከፍታ ላይ መድረሳቸውን ጮክ ብለው የሚናገሩት፣ ይሄ ልማድ በጣም ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ አንዴ ከተከፈተ መሪ የለም። ነፋስ ወደወሰደህ ትሄዳለህ። አወራረዱም ለስላሳ አይደለም፤ በደቂቃ 1,700 ጫማ ገደማ ነው፣ ማለትም 4 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ እንደመውደቅ። ወንበሮቹ ምቱን እንዲውጡ ተደርገው ባይሠሩ ኖሮ ወገብ አይተርፍም ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዕቃው ይልቅ የሰው እጅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፓራሹቱ እያለ ሳይስቡት የሞቱ አብራሪዎች ነበሩ፣ «ትንሽ ልሞክር፣ ምናልባት ሞተሩ ይነሳል» ሲሉ ከፍታው ያልቃል። በኋላ ሥልጠናው ተለወጠና እጀታው መጀመሪያ የሚታሰብ ነገር ሆነ፣ የሟቾቹም ቁጥር ቀነሰ። እስካሁን ከ250 በላይ ሰዎች በዚህ ፓራሹት ተርፈዋል። ስለዚህ ይህን አውሮፕላን ለማብረር የሚያስብ ሰው እጀታውን መሳብ በሲሙሌተር ደጋግሞ ይለማመድ፤ በሁለት እጅ፣ በኃይል፣ ወደታች። ከመነሳቱ በፊትም የእጀታው መቆለፊያ ፒን መውጣቱን ይይ።

ያገለገለ የሚገዛ ደግሞ ፓራሹቱና ሮኬቱ መቼ እንደተቀየሩ ይጠይቅ። በየ10 ዓመቱ መቀየር አለባቸው፣ ወጪውም ቀላል አይደለም። ቀኑ የተቃረበ ከሆነ ከዋጋው ላይ ያስቀንስ።