«300 ትረካ በአንድ ጥቅል» የሚሏችሁን አትግዙ

ቴሌግራም ላይ የሚሸጠውን የኦዲዮ መጻሕፍት ጥቅል ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ማስታወቂያው «ከ300 በላይ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ትረካ፣ ሙሉ መጽሐፍ፣ ጥራቱን የጠበቀ፣ በ500 ብር፣ ዛሬ ብቻ» ይላል። «ዛሬ ብቻ» ከተባለ ወር አልፏል፤ አሁንም እንደተለጠፈ ነው። እኔ ገዝቼ ውስጡን አይቼዋለሁ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ትረካ ወዳድ መሆኔን እወቁልኝ። ታክሲ ውስጥ፣ ልብስ ሳጥብ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ጆሮዬ ላይ የሆነ ሰው ያነብልኛል። ቤት ውስጥ «ስንጠራሽ አትሰሚም» እየተባልኩ ነው የምኖረው።

ማጥመጃቸው የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ማስታወቂያው ሥር አንድ ደቂቃ የማትሞላ ናሙና ለጥፈዋል። ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ በጊዜው ያልሰማ ሰው እንኳ ከሰሙት ወሬውን ሰምቷል። ያንን ድምፅ ሲያገኝ የማይሳብ ማን አለ? ናሙናዋ ደግሞ ጥርት ያለች ናት። ከከፈላችሁ በኋላ የሚላክላችሁ ግን ከካሴት ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ሲገለበጥ የኖረ ቅጂ ነው። ሹክሹክታ በበዛበት ቦታ ጭራሽ አይሰማም። ክፍሎቹ ተዘበራርቀዋል፤ አንዱ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሌላው የለም። ጉዱ ካሳ ንግግሩን ሳይጨርስ ተቆርጦ ሌላ ምዕራፍ ይጀምራል። የሚገርመው ከዚህ የተሻለ ቅጂ ዩቲዩብ ላይ በነጻ መገኘቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። «የድሮ መጽሐፍ ስለሆነ የማንም ነው» የሚሉ ሻጮች አሉ። ውሸት ነው። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ አለማየሁ ያረፉት 1996 ዓ.ም. ላይ ነው። አዋጁ በወጣበት ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ የመጽሐፉ መብት ገና አላበቃም። ተራኪውም በድምፁ ላይ የራሱ መብት አለው። እናንተ የላካችሁት 500 ብር ለደራሲውም፣ ለተራኪውም፣ ለአሳታሚውም አይደርስም። ገንዘቡ የሚገባው ከዚህም ከዚያም ፋይል ለቃቅሞ አንድ ላይ ባጨቀው ልጅ ኪስ ነው።

አሁን ወደ ቀሪው ጥቅል እንግባ። 300 የተባለው 300 መጽሐፍ አይደለም፤ 300 ፋይል ነው። አንድ ልብ ወለድ ብቻውን ወደ 40 ፋይል ተቆራርጧል። እያንዳንዱን ቁራጭ እንደ አንድ ትረካ ቆጥረውታል። ከዚያ ላይ በሁለት ስም የገቡትንና ከፍታችሁ ምንም የማይሰማባቸውን ቀንሱ። የሚቀረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ማወቅ የምትችሉበት ቀላል መንገድ አለ። የፋይሉን መጠን ጠይቁ። በሰከንድ በ64 ኪሎቢት የተቀዳ ድምፅ በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ለንግግር ይበቃል፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለዚህ የ10 ሰዓት ትረካ ወደ 290 ሜጋባይት ይጠጋል። «ሙሉ መጽሐፍ ነው፣ 10 ሰዓት ነው» ብሎ 40 ሜጋባይት ከላከላችሁ ወይ ተቆርጧል፣ ወይ ድምፁ ተጨምቆ ተጨምቆ የጉድጓድ ውስጥ ድምፅ ሆኗል። ርዝመቱም ያሳብቃል። ማንኛውንም የአማርኛ መጽሐፍ አንስታችሁ አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሁለት ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። እንግዲህ 300 ገጽ መጽሐፍ ወደ 10 ሰዓት መጠጋቱ አይቀርም። በአንድ ሰዓት ተኩል «ሙሉውን» የሚተርክላችሁ ሰው አብዛኛውን ዘሎታል።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን የማሽን ድምፅ ነው። ጥቅሉ ውስጥ ካሉት «አዳዲስ ትረካዎች» የሚበዙት ሰው ያነበባቸው አይደሉም። መጀመሪያ ላይ አይታወቅም። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ሴት ነው፣ አይሰለችም። ትንሽ ቆይቶ ነው ጉዱ የሚወጣው። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል ምልክት ስለሌለው ሰው ከአገባቡ ነው የሚለየው። ማሽኑ ይገምታል። «ገና አልመጣም» የሚለውን በዓሉ ሳይደርስ የቀረ አስመስሎ አነበበልኝ። «ወ/ሮ» ሲደርስ «ወ» ብሎ ቆም፣ ከዚያ «ሮ»። «ዓ.ም.» ደግሞ በየገጹ «ዓ ነጥብ ም ነጥብ» ነው። የታሪክ መጽሐፍ እንዲህ ሆኖ ሲነበብ አስቡት። ሰው የሞተበትንም፣ ሰርግ የተበላበትንም በዚያው ለስላሳ ድምፅ ያልፈዋል። ለቅሶ ላይ ፈገግ እያለ የሚያነብ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ማሽን ማንበቡ በራሱ ወንጀል አይደለም። ዓይናቸው ለማያይ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። እኔም ረጅም የጋዜጣ ጽሑፍ ስልኬን አስነብባለሁ። ነገር ግን «በታዋቂ ተራኪ» ብሎ ለጥፎ ማሽን መሸጥ ሌብነት ነው።

ለፍትህ ያህል ውስጡ ደህና ነገር አልጠፋም። ከነሱ ልነሳና እግረ መንገዴን የትረካ ምርጫዬን ልናገር።

አንድ የሕይወት ታሪክ አለ፣ ራሱ ጸሐፊው ያነበበው። ድምፁ ሻካራ ነው። ገጽ ሲገልጥ ይሰማል። አንዳንዴ ያስላል። ግን እናቱ የሞቱበት ቦታ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና ቃላቱ መካከል ዝም ይላል። ያንን ዝምታ የተቀጠረ ተራኪ አያመጣውም። የሕይወት ታሪክ ከሆነ ባለቤቱ ያነበበውን ምረጡ፣ ድምፁ ባያምርም።

የተተረጎመ የወንጀል ልብ ወለድ አለ፣ አንዲት ወጣት ያነበበችው። ለሁሉም ገጸ ባሕርይ ድምፅ አልቀያየረችም። ፖሊሱም፣ ገዳዩም፣ ሽማግሌውም በሷው ድምፅ ነው የሚያወሩት። ሆኖም ማን እንደሚናገር አይጠፋችሁም። በጣም ወደድኩት። ሴት ስትናገር ድምፃቸውን የሚያቀጥኑ ወንድ ተራኪዎች ከዚህ ቢማሩ ምን አለበት። ቁም ነገር የምታወራ የ50 ዓመት ሴት እንደ ሕፃን ስትንጫጫ ታሪኩ ሁሉ ቀልድ ይሆናል።

ግጥሙን ተዉት። ግጥሙ አይደለም የከፋው፤ ከኋላ ያስገቡት ዋሽንት ነው። አንድ አጭር የዋሽንት ቁራጭ እየደጋገመ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያላዝናል። ገጣሚው ዝም ሲል እንኳ እሱ አያርፍም።

የታሪክ መጻሕፍትን በጆሮ መስማት ለኔ አልሆነልኝም። ተራኪው ጎበዝ ቢሆንም ስሙና ዓመተ ምሕረቱ ሲደራረብ ወደ ኋላ ገልጦ ማየት ያምረኛል። ካርታና የግርጌ ማስታወሻም በጆሮ አይገቡም። ለታሪክ ገንዘባችሁን የታተመው ላይ አውሉት። የራስ ማበልጸጊያ የሚባሉት ደግሞ በተቃራኒው ለጆሮ ይመቻሉ፤ አንዱን ሐሳብ አሥር ጊዜ ስለሚሉት ግማሹ ቢያመልጣችሁም አይቆጭም። እዚህ ጥቅል ውስጥ ያሉት ግን መጽሐፎቹ ራሳቸው አይደሉም። ሌላ ሰው አሳጥሮ የጻፋቸው የ20 ደቂቃ ጭማቂ ናቸው። ሽፋኑ ላይ የዋናው መጽሐፍ ምስል ተለጥፏል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው።

የልጆች ተረቶቹን ለእህቴ ልጅ ልከፍትላት ነበር። ደግነቱ ቀድሜ ሰማሁት። ከሬዲዮ ላይ ስለተቀዳ ማስታወቂያው አብሮ አለ። ጦጣዋ ከዛፍ ሳትወርድ የውርርድ ድርጅት «ዛሬውኑ ይመድቡ» ይላል። ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ስሙት።

ውጭ ያላችሁም ሌላ ዓይነት ወጥመድ አላችሁ። እዚያ ያለው ሕጋዊ ነው፤ ችግሩ ውሉን ሳያነቡ መግባት ነው። ትልቁ ሻጭ ኦዲብል ነው፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአማዞን ንብረት ነው። የ30 ቀን ነጻ ሙከራ ይሰጣል፣ ካርዳችሁን ግን መጀመሪያውኑ ይመዘግባል። ካልሰረዛችሁ በ31ኛው ቀን መቁረጥ ይጀምራል። አሜሪካ ውስጥ «ፕሪሚየም ፕላስ» የሚባለው አባልነት በወር 14.95 ዶላር ነው፤ ለዚያ አንድ ክሬዲት ይሰጣችኋል፣ አንድ ክሬዲት አንድ መጽሐፍ ነው። ልብ በሉ፦ አባልነቱን ስታቋርጡ ያልተጠቀማችሁበት ክሬዲት አብሮ ይጠፋል። በክሬዲት የገዛችሁት መጽሐፍ ግን የእናንተው ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከመሰረዛችሁ በፊት ያለውን ክሬዲት ጨርሱ። «ከአባልነት ጋር በነጻ» የሚባሉት ደግሞ አባልነቱ ሲያልቅ ይዘጋሉ። ሁለቱን አታቀላቅሉ። ማሽን ያነበበውን «ቨርቹዋል ቮይስ» ብለው ይጽፉበታል፤ ከመግዛታችሁ በፊት የተራኪውን ስም እዩ። «አብሪጅድ» ከሚል ደግሞ ራቁ፣ ያጠረ ነው።

እንዲያውም እዚያ ሆኖ ለኦዲዮ መጽሐፍ መክፈል ለብዙ ሰው አስፈላጊ አይመስለኝም። ዋሽንግተን ዲሲም ሁኑ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሲያትልም ሁኑ ሌላ ቦታ፣ የአካባቢያችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጡና ሊቢ የሚባለውን መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። በነጻ ትዋሳላችሁ። ቀኑ ሲደርስ መጽሐፉ ራሱ ይመለሳል፣ የዘገየ ቅጣት የለም። ተፈላጊ መጽሐፍ ላይ ወረፋ አለ፤ አንዳንዴ ሳምንታት ያስጠብቃል። የአማርኛ ትረካ ግን እዚያ አገኛለሁ ብላችሁ አትጓጉ። ለቆዩ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሊብሪቮክስ አለ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች መብታቸው ያበቃ መጻሕፍትን እያነበቡ በነጻ ያስቀምጣሉ። አንባቢው እድል ነው፤ አንዱ ግሩም፣ አንዱ ምዕራፉን የሚሮጥበት።

አገር ውስጥ ላለን ደግሞ ከደራሲያን ጋር ተዋውለው ትረካ የሚሸጡ የአማርኛ መተግበሪያዎች መጥተዋል። ዋጋቸው በነጠላ ነው። ናሙና ያሰማሉ፣ የተራኪውን ስም ይጽፋሉ። ናሙናውን ስትሰሙ መግቢያውን ብቻ አትስሙ። መግቢያ ላይ ሁሉም ይጠነቀቃል። ምልልስ ያለበት ቦታ ካለ እሱን ፈልጉ።

ገንዘቡን በቴሌብር የላካችሁ ሰዎች ምን እናድርግ ትሉ ይሆናል። ደረሰኙን አትሰርዙ። ማስታወቂያውንና ምልልሳችሁን ስክሪን ሹት አንሱ። ቻናሉን ለቴሌግራም ሪፖርት አድርጉ። ደራሲውን ወይም አሳታሚውን የምታውቁ ከሆነ ሊንኩን ላኩላቸው፤ ከእኛ ይልቅ እነሱ ናቸው መክሰስ የሚችሉት። ገንዘቡ መመለሱን ግን እጠራጠራለሁ። እኔ ስጠይቅ መጀመሪያ «ኢንተርኔትሽ ነው ችግሩ» ተባልኩ። ከዚያ «ሌላ ጥቅል በግማሽ ዋጋ ልስጥሽ» አለኝ። ከዚያ ብሎክ።

የቻናሉን ስም ያልጻፍኩት ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይረው ነው። በስም ከምትፈልጉት በጠባዩ ታውቁታላችሁ። አስተያየት መስጫው ዝግ ነው። የተራኪዎች ስም ዝርዝር ስትጠይቁት «ሁሉም ታዋቂ ናቸው» ይላል። የፋይሉን መጠን ስትጠይቁት ይቆጣል። ውድ ነው ካላችሁት ደግሞ 500ውን ወዲያው 200 ያደርገዋል።