«ኦርጅናሉን አሳየኝ» ላሉኝ እናት፦ ምስጋና ከኮዬ ፈጬ

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ወደ እናታቸው እሄዳለሁ። ባለቤቴ ኖቫ ስኮሺያ በምትባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ መሥራት ከጀመረች አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆናት። ሻንጣ ከመዝጋቴ በፊት ያልከፈልኩት ዕዳ አለ፤ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰነድ የሚተረጉሙትን እናት በአደባባይ ማመስገን። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ «ስልኬን ካወጣኸው ቪዛ አምጪ የሚለኝ ብቻ ነው የሚደውለው» ብለው። ስለዚህ ሠፈሩ እንደሚጠራቸው እትዬ እላቸዋለሁ።

ባለቤቴ ነርስ ናት፤ እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ወደ ካናዳ ለመሄድ ስናስብ መጀመሪያ የሄድነው ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር። ከካናዳ ቀጣሪ አመጣላችኋለሁ ላለን የሥራ ደብዳቤ ብቻ 700 ሺህ ብር ጠየቀን፤ ግማሹ በቅድሚያ። ብሩ ስላልነበረን ኮንዶሚኒየማችንን ለመሸጥ ደላላ አናገርኩ። እትዬ ጋ የደረስኩት ሰውዬው ያዘዘኝን የጋብቻ ማስረጃና የባለቤቴን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላስተረጉም ነው። ወረቀቱን እያገላበጡ «ቀጣሪው ማነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ስሙን ለማታውቀው ቀጣሪ ነው ቤትህን የምትሸጠው ልጄ?»

ከዚያ ያደረጉትን አልረሳውም። «እኔ የቪዛ አማካሪ አይደለሁም፤ ምክር አልሸጥም። ማንበብ ግን ሁለታችንም እንችላለን» ብለው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞሩት። ካናዳ ውስጥ በስደት ጉዳይ ላይ በክፍያ የሚያማክር ሰው እንደ ጠበቃ ያለ ፈቃድ ያለው ባለሙያ፣ አለዚያም በአማካሪዎች ኮሌጅ (ስሙ ኮሌጅ ቢሆንም ትምህርት ቤት ሳይሆን አማካሪዎችን የሚመዘግብና የሚቆጣጠር ተቋም ነው) የተመዘገበ መሆን አለበት። የኮሌጁን መዝገብ ደግሞ ማንም ሰው ከፍቶ ስም መፈለግ ይችላል። የእኛን ሰው ስም ፈለግን፤ የለም። የኖቫ ስኮሺያ የሠራተኛ ሕግ ደግሞ ቀጣሪም ሆነ አገናኝ ከሠራተኛው የምልመላ ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል። ለዚያ ሁሉ ንባብ አንድ ብር አላስከፈሉኝም። ማታ ለደላላው ደውዬ ቤቱን አልሸጥም አልኩት።

ባለቤቴ በኋላ የሄደችበት መንገድ የአትላንቲክ ኢሚግሬሽን ፕሮግራም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በሙከራ ተጀምሮ በ2022 ቋሚ ሆኗል። የሚሠራው በምሥራቁ ዳርቻ ባሉት በኖቫ ስኮሺያ፣ በኒው ብራንስዊክ፣ በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴትና በኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ነው። ወጣቱ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ሲነጉድ ትንንሾቹ ከተሞች ሽማግሌና አሮጊት ይዘው ይቀራሉ፤ የሚንከባከባቸው ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ክፍለ ሀገሩ መጀመሪያ ቀጣሪውን መርምሮ ዕውቅና ይሰጠዋል፣ ቀጣሪው ለሠራተኛው ሥራ ያቀርባል፣ ክፍለ ሀገሩ ያንን ቅጥር ያጸድቃል፤ የቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ ሥራውን ያገኘችው እዚያ በምትኖር የኮሌጅ ጓደኛዋ ጥቆማ ራሷ አመልክታ፣ ሁለት ጊዜ በዙም ተፈትና ነው። ቦታው የነርስ ሳይሆን የነርስ ረዳት ነው፤ ግን የነርስነት ልምድ ለዚያ ቦታ ይቆጠራል።

ፈተናው የመጣው ከወረቀቱ ነው። ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 1,560 የሥራ ሰዓት ማሳየት ያስፈልጋል፤ በሳምንት 30 ሰዓት ለአንድ ዓመት ማለት ነው። ባለቤቴ ትሠራበት ከነበረው ጤና ጣቢያ ያገኘነው ደብዳቤ «ከመስከረም 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በነርስነት በታማኝነት አገልግለዋል» ከማለት በቀር ሰዓት የለውም፣ የሥራ ዝርዝር የለውም፣ ደመወዝ የለውም። እኔም እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ ቀደም ሲል ራሴ ተርጉሜው ነበር። እትዬ የእኔን ትርጉም ከዲግሪዋ ጎን አስቀምጠው ጠሩኝ። ዲግሪው በፈረንጅ አቆጣጠር 2017 ላይ ተመረቀች ይላል፤ የእኔ ትርጉም 2010 ላይ ሥራ ጀመረች ይላል። ዓመተ ምሕረቱን ሳልቀይር እንዳለ ገልብጬው ባለቤቴን ከመመረቋ ሰባት ዓመት ቀድማ ነርስ አድርጌያት ነበር! መስከረም 1 ቀን 2010 በእነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2017 ነው። አንድ መርማሪ ያንን ወረቀት ቢያይ ሐሰተኛ ማስረጃ አቀረቡ ከማለት ሌላ ምን ይላል? በዚያ ላይ አመልካቹም ሆነ ቤተሰቡ የተረጎመውን ካናዳ አይቀበልም፤ ይህንንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጤና ጣቢያው ደብዳቤውን እንደገና እንዲጽፍልን የሚያስፈልገውን ሁሉ በአማርኛ አርቅቀው ሰጡኝ፦ የሳምንቱ ሰዓት፣ ዋና ዋና ተግባሯ፣ ደመወዟ፣ የፈረመው ኃላፊ ስምና ማዕረግ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሁለተኛው ላይ ቀኑ ሲሳሳት «ተመለስ» አሉኝ። ተናድጄ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ታክሲ ስጠብቅ በልቤ ብዙ ብያለሁ። ዛሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሌላው የስም ነገር ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ፓስፖርታችን ላይ የልጆቼ መጨረሻ ስም የአባቴ ስም ነው፣ የእኔ የአያቴ ነው፣ የባለቤቴ የእሷ አያት ነው። አራት ሰው፣ ሦስት የቤተሰብ ስም። ለማያውቀን ሰው ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ አንመስልም። የባለቤቴ አያት ስም ደግሞ በ«ጸ» ይጀምራል፤ ዲግሪው ላይ በ«ኤስ» ብቻ፣ ፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ ኤስ» ተጽፏል። እትዬ ስም አወጣጣችንን በአንድ ገጽ አስረድተው ጻፉ፣ ሁለቱም አጻጻፍ የአንዲት ሴት ስም መሆኑን የሚገልጽ ቃለ መሐላ አሰናድተው አስፈረሙን። ከማመልከቻው ጋር ገባ፤ ስለ ስም አንድም ጥያቄ አልመጣብንም።

የቋንቋውን ፈተና በአጭሩ ልለፈው። ለእሷ ቦታ በአይኤልትስ ጄኔራል ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር 5፣ ማንበብ 4 ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ አምጥታለች።

በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ የመኖሪያው ኃላፊ «ልጆችሽ ምን ይወዳሉ? ከዓመት በኋላ ወደ ቶሮንቶ ትሄጃለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ባለቤቴ ደንግጣ ነበር፤ የተጠረጠረች መሰላት። ለእትዬ ስነግራቸው ሳቅ አሉ። «ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው በአገሪቱ ውስጥ የፈለገበት መኖር ይችላል። ቀጣሪዋ በሕግ አታስራትም፤ ሠራተኛዋን የምታቆያት በአያያዟ ብቻ ነው። የጠየቀቻት ስለ ልጆቻችሁ ማሰብ ስለጀመረች ነው።» እውነታቸውን ነበር። ባለቤቴ በክፍለ ሀገሩ ደብዳቤ የሥራ ፈቃድ አግኝታ ቀድማ ስትሄድ ቀጣሪዋ ቤት አፈላልጋ ጠበቀቻት። ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ሐኪም ቤት የሚናገረውን የመቋቋሚያ ዕቅድም አንድ ድርጅት በነጻ አዘጋጅቶልናል፤ ለዚህ ፕሮግራም ግዴታ ነው። አሁን የሌሊት ተራ ሲደርሳት የሥራ ባልደረባዋ በመኪና ትወስዳታለች። ልጄ ኃላፊዋን በቪዲዮ አይቷት ያውቃል፤ ስለ በረዶ ነው የሚጠይቃት።

እትዬ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ያኔ ያንን ጥያቄ ባይጠይቁኝ ኖሮ ዛሬ ቤትም፣ ጉዞም፣ የምጽፈው ምስጋናም አልነበረም።

እሳቸው ጋ መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮዬ ከሚመጡ ታክሲዎች መነሻ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ሱቅ ነው። የገጽ ዋጋቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ለማንም አይጨምሩም፣ ለማንም አይቀንሱም። ሥራቸው ቀስ ያለ ነው፤ ለአንድ የልደት ማስረጃ ሦስት ቀን ሊያስጠብቋችሁ ይችላሉ፣ ስለዚህ በመጨረሻው ሰዓት አትሂዱ። ቪዛ እንዲያስገኙላችሁ አትጠይቋቸው። ፎቶ ኮፒም ይዛችሁ አትሂዱ፤ ኦርጅናሉን ሳያዩ ብዕር አያነሱም።