የመሪውን መንቀጥቀጥ ምክንያት ላገኙልኝ መካኒክ ምስጋና

ጥሩ ባለሙያ አግኝቶ ዝም ማለት ስለሚከብደኝ ይህን እጽፋለሁ። መኪናዬ በሰዓት ከ90 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ስትሄድ መሪዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በታች ጸጥ ያለች ናት፤ ከዚያ በላይ ደግሞ መንቀጥቀጡ ጥቂት ይለዝባል። ጎማዎቹ ባላንስ ተደረጉ (ክብደታቸው ዙሪያውን እኩል እንዲሆን ተስተካከለ)፣ አላይመንት ተሠራ (የጎማዎቹ አቅጣጫ ተስተካከለ)፣ የፊት ጎማዎችም በአዲስ ተተኩ። የባላንስ ማሽኑ ሁልጊዜ ዜሮ ያሳያል፤ መሪው ግን እንደ ቀድሞው መንቀጥቀጡን አይተውም። አንድ ጋራዥ ጭራሽ ከመሪው ዘንግ እስከ ኩሽኔታው ያለውን ዕቃ በሙሉ እንቀይር አለኝ። መኪናዋን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ነው እንዲህ ያለው።

በወዳጅ ጥቆማ ያገኘኋቸው መካኒክ ክሪክ ከማንሳታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ። መንቀጥቀጡ የሚሰማህ እጅህ ላይ ነው ወይስ ወንበርህ ላይ? እጅ ላይ ከሆነ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ከፊት ጎማዎች ነው፤ ወንበርና ወለል ከሆነ ደግሞ ከኋላ። ፍሬን ስትይዝ ብቻ ይመጣል? ያኔ የሚጠረጠረው ዲስኩ ነው፤ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል ካልሆነ የፍሬን ሸራው በየዙሩ እየገፋ መሪውን ያንቀጠቅጠዋል። ነዳጅ ስትሰጥ ብሶ እግርህን ስታነሳ ይጠፋል? እንዲያ ከሆነ ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ የውስጥ መጋጠሚያ መታየት አለበት። የእኔ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ፍጥነቱ ከደረሰ፣ ነዳጅ ሰጠሁም አልሰጠሁም፣ ይንቀጠቀጣል።

ቀጥሎ የመጣውን ጥያቄ ግን ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀኝም። «ጎማው ተፈትቶ በታሰረ ቁጥር መንቀጥቀጡ ይለዋወጣል?»

አዎ፣ ይለዋወጥ ነበር። አንዴ ጎሚስታ ዘንድ ቀዳዳ አስጠግኜ ስመለስ በጣም ብሶ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጎማው ተፈትቶ ከተመለሰ በኋላ የዳነ እስኪመስለኝ ድረስ ቀለለ። እኔ የአጋጣሚ ነገር አድርጌ ያለፍኩትን እሳቸው ዋናው ፍንጭ አደረጉት። የተጣመመ ቸርኬ ወይም ያበጠ ጎማ ቢሆን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሆን ነበር፤ በአስተሳሰር የሚለዋወጥ ችግር ያለው ጎማው ከመኪናው ጋር በሚገጥምበት ቦታ ነው አሉኝ።

ያም ሆኖ ሌላውን ሳያዩ አላለፉም። የፊቱን በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት፤ ኩሽኔታው አልላላም። ከግራና ከቀኝ ይዘው ወዘወዙት፤ የመሪው መጋጠሚያዎችም ደህና ናቸው። የላላ መጋጠሚያ መንቀጥቀጡን አጉልቶ ወደ እጅ ያደርሰዋል እንጂ መንቀጥቀጡን አይፈጥረውም ሲሉ ያ «በሙሉ እንቀይር» ያለኝ ጋራዥ ትዝ አለኝ። ከዚያ ጎማውን በእጃቸው እያሽከረከሩ አንድ ጠመኔ ጠርዙ አጠገብ ይዘው ቆሙ። ጠመኔው ጎማውን በአንድ በኩል ብቻ ነካው፤ በሌላ በኩል ክፍተት ቀረ። ዳዶዎቹን ፈትተው፣ ጎማውን ትንሽ አዙረው ከመለሱት በኋላ ጠመኔው የነካው ሌላ ቦታ ነው። የተለወጠው አስተሳሰሩ ብቻ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ሆነ። ቸርኬዎቹ ከመኪናዋ ጋር ከፋብሪካ የወጡ አይደሉም፤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ያስገጠማቸው ናቸው። የመሃል ቀዳዳቸው ስፋት 73.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቸርኬው የሚቀመጥበት የመኪናዋ እምብርት ግን 60.1 ሚሊ ሜትር ብቻ። በመካከላቸው ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት መኖር ነበረበት፤ አልነበረም። ስለዚህ ቸርኬውን መሃል ላይ የሚያስቀምጡት ዳዶዎቹ ብቻ ናቸው። መኪናው መሬት ላይ ክብደቱን እንደጣለ በችኮላ የታሰረ ጎማ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ አንድ ጎን መሸሹ አይቀርም።

ማሽኑ ዜሮ የሚያሳየው ለምን እንደሆነም ያኔ ተገለጠልኝ። የባላንስ ማሽን ቸርኬውን የሚይዘው በመሃል ቀዳዳው በኩል ሾጣጣ ብረት አስገብቶ ነው፤ እዚያ ላይ ጎማው በትክክል መሃል ይቀመጣል። ማሽኑ አልዋሸም። የመዘነው ግን መኪናዬ ላይ በሌለ አቀማመጥ ነው። ይህን የሚያህል ግልጽ ነገር ሳይነገረኝ ያን ሁሉ የባላንስ ክብደት (እርሳስ) ቸርኬው ላይ ሲለጥፉልኝና ሲነቅሉልኝ መክረማቸው እስካሁን ያናድደኛል።

ግማሽ ሚሊ ሜትር ምን ያመጣል ብላችሁ እንደሆነ፣ እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ወረቀት አውጥተው አሰሉልኝ። ጎማና ቸርኬ አንድ ላይ 18 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና ግማሽ ሚሊ ሜትር ከመሃል ቢሸሹ፣ ከመሃል 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ባለው የቸርኬ ጠርዝ ላይ 45 ግራም እንደ መለጠፍ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ጎማው በሰከንድ ወደ 15 ጊዜ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙርም 8 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጉተታ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎን ይስባል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉተታው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ከተማ ውስጥ የማይሰማኝ ለዚህ ነው። ከ110 በላይ የሚለዝበው ደግሞ የጎማው ምት የፊት ጎማው የተንጠለጠለበት ክፍል ካለው የራሱ የመወዛወዝ ምት ጋር የሚገጥምበትን ፍጥነት ሲያልፍ ነው። ዥዋዥዌ ያለ ጊዜው ቢገፉት ከፍ እንደማይል ማለት ነው።

ጥገናው ከምርመራው ያነሰ ጊዜ ወሰደ። እምብርቱ ላይ የተጋገረውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አጸዱ፤ ለአራቱም ጎማዎች ልካቸው የሆኑ ቀለበቶች አስገቡ። ጎማው አየር ላይ እንዳለ ዳዶዎቹን በተራ ሳይሆን ተቃራኒ ተቃራኒውን እያሉ ካጠጉ በኋላ መኪናዋን አውርደው የማጥበቂያውን ኃይል ልክ በሚያሳይ ቁልፍ ጨረሱ። በከፍተኛ ጩኸት ዳዶ የሚያጠብቀውን የአየር መሣሪያ ለማጥበቅ አይጠቀሙበትም፤ እኩል ያልታሰረ ዳዶ በጊዜ ብዛት የፍሬን ዲስክንም ያበላሻል ባይ ናቸው። ከዚያ አብረውኝ ወጥተው በ100 ነዳን። መሪው ዝም አለ። ከቀለበቶቹ በቀር አንድም ዕቃ አልሸጡልኝም።

አላይመንትን በተመለከተ የሰማሁትን ልጨምር፤ ብዙ ሰው በከንቱ ስለሚከፍልበት። አላይመንት ሲበላሽ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ጎማውም በአንድ በኩል ይበላል። በፍጥነት ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ግን በቀጥታ የእሱ ሥራ አይደለም። መንቀጥቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ወዲያው አላይመንት የሚላችሁን ሰው ምክንያቱን ጠይቁት።

ሰውየው እንከን የላቸውም አልልም። ስልክ ቶሎ አያነሱም፣ ሥራቸው አይቸኩልም፣ ማስረዳት ሲጀምሩም ማቋረጥ አይቻልም። ለሚቸኩል ሰው አይሆኑም። ስማቸውንና አድራሻቸውን በአደባባይ መጻፍ ስላልፈለግሁ ለሚፈልግ በግል እልካለሁ። ስትሄዱ ግን መንቀጥቀጡ በየትኛው ፍጥነት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚሰማችሁ፣ ፍሬን ስትይዙ ምን እንደሚሆንና ጎማው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተፈታ አስታውሳችሁ ሂዱ። ይህን ሳይሰሙ መኪናውን አይነኩላችሁም።